ከብጣሽ ጨርቅ ብርድ ልብስ፦ ለቅኔ ቤትና ለእናቶች ማቆያ የሚሰጥ የ24 ልብስ የሥራ ማስታወሻ፣ ደብረ ማርቆስ

መስከረም 20

የዚህ ዙር ሥራ 24 ብርድ ልብስ ነው። 16ቱ ከደብረ ማርቆስ ወጣ ብሎ ላለ ቅኔ ቤት፣ 8ቱ በጮቄ ግርጌ ላለ ጤና ጣቢያ የእናቶች ማቆያ ይሄዳል። ፊቱ ከልብስ ሰፊ ቤት በሚወጣ ብጣሽ ይገጣጠማል፣ ገበሩ አቡጀዲድ ነው፣ መካከሉ ባዘቶ ወይም ያረጀ ጋቢ። ክረምቱ ወጥቶ ሰማዩ ሲጠራ ሌሊቱ ይከብዳል፤ ከኅዳር ጀምሮ ደጋው ላይ ውርጭ ይጥላል። ስለዚህ ልብሱ ከኅዳር አጋማሽ በፊት ተቀባዩ እጅ መግባት አለበት።

የሥራ ቀን ሲቆጠር በዓላቱን ቀንሶ ነው። በ12 ሚካኤል፣ በ21 ማርያም፣ በ27 መድኃኔዓለም፣ እያለ ወሩ ይሸራረፋል፤ ሰንበት ሲጨመርበት ከሠላሳው ቀን መቀስ የሚነሳበት ሃያ ቢሆን ነው። ይህን ሳያስቡ «በሦስት ሳምንት እናደርሳለን» ብሎ ቃል መግባት ተቀባዩን ውርጭ ላይ መጣል ነው።

ጨርቅ ከመቆረጡ በፊት የሚጠየቁ ነገሮች አሉ፦ የት ይተኛሉ? ማን ያጥበዋል? በምን ውኃ? የት ይሰጣል? ለቅኔ ቤቱ የኔታን፣ ለጤና ጣቢያው አዋላጅ ነርሷን ጠይቀን ያገኘነው መልስ ሥራውን ሁሉ ወሰነው። ተማሪው ጎጆ ውስጥ መሬት ላይ፣ አጎዛ ወይም ሣር አንጥፎ ይተኛል። ሌሊት ሲያጠና፣ ቅኔ ሲቆጥር፣ የለበሰውን ትከሻው ላይ ጥሎ ይወጣል። የሚያጥበው ወንዝ ወርዶ በቀዝቃዛ ውኃ ነው፤ ሌላ ቅያሪ ስለሌለው ማታ ደርቆ መገኘት አለበት። ማቆያ ውስጥ ያለች እናት አልጋ አላት፤ የሷ ልብስ ግን ደም ይነካዋል፣ ቶሎ ቶሎ ይታጠባል፣ ከአንዷ ወደ ሌላዋ ይተላለፋል።

ከዚህ የወጣው ውሳኔ፦ ልብሱ ከ2 ኪሎ አይበልጥም፣ መሙያው ስስ ነው፣ ስፌቱ ጥቅጥቅ ያለ ነው፣ ገላ የሚነካው ገበር ከአንድ በላይ መጋጠሚያ የሌለበት ይሆናል። ሰው ሊሰጥ ሲነሳ እጁ ወደ ወፍራሙ ነው የሚሄደው፤ ቸርነት ይመስለዋልና። ወፍራም የጥጥ ብርድ ልብስ ግን አንዴ ከረጠበ በሐምሌ ጭራሽ አይደርቅም። ያልደረቀ ልብስ ይሻግታል፣ የሻገተ ይጣላል። ለተቀባዩ የሚጠቅመው በአንድ ቀን ፀሐይ የሚደርቀው ነው።

መጠኑ 150 በ200 ሴንቲ ሜትር። አዋቂ ይሸፍናል፣ ትከሻ ላይም ይታጠፋል። በሌላ አገር ለእርዳታ የሚሰፉትም ከዚህ አይርቁም፤ የአሜሪካው ሉተራን ወርልድ ሪሊፍ ከየአጥቢያው የሚቀበለው ከብጣሽ የተሰፋ ብርድ ልብስ 152 በ203 አካባቢ ነው።

መስከረም 22

ብጣሽ ተሰበሰበ። ጥሩው የሚገኘው ቀሚስ፣ የተማሪ ዩኒፎርምና መጋረጃ ከሚሰፉ ቤቶች ነው። ለአንድ ልብስ ፊት ንጹሕ 800 ግራም ያስፈልጋል፤ ለ24ቱ 19 ኪሎ ገደማ። በማዳበሪያ ሞልቶ ከሚመጣው ግማሹ ስለማይሆን እጥፉን መያዝ ነው።

መለየቱ በእሳት ይሠራል። ከእያንዳንዱ ጨርቅ ሁለት ጣት የምታህል ተቆርጣ በወረንጦ ተይዛ ትለኮሳለች። ጥጥ ከሆነ እንደ ወረቀት ይሸታል፣ አመዱ ግራጫና ለስላሳ ነው፣ በጣት ሲነካ ይበተናል። ቴትሮን ይሸበሸባል፣ ይቀልጣል፣ ጫፉ ላይ ጠጣር ጥቁር ዶቃ ይተዋል። ሱፍ እንደ ተቃጠለ ፀጉር ይሸታል፣ ከእሳቱ ሲወጣ ራሱ ይጠፋል። ከጥጥና ከቴትሮን የተቀላቀለ ከሆነ አመድም ዶቃም ይተዋል፤ አብዛኛው የዩኒፎርም ጨርቅ እዚህ ይገባል።

ለቅኔ ቤቱ ንጹሕ ጥጥ ብቻ። ጎጆው መሀል እሳት ይነዳል፣ ተማሪው እሳት ዳር ያጠናል፤ ቴትሮን እሳት ሲነካው ቀልጦ ገላ ላይ ይጣበቃል። ጥጥም ይነዳል፤ ቀልጦ ግን ቆዳ ላይ አይለጠፍም። ድብልቁ ለማቆያው ይሆናል፤ እዚያ እሳት ክፍል ውስጥ የለም፣ ድብልቅ ጨርቅ ደግሞ ቶሎ ይደርቃል፣ ብዙ እጥበት ይችላል።

የተጣሉት፦ ሹራብና ቲሸርት (ይለጠጣል፣ አጠገቡ ያለውን ይጎትታል)፣ ጂንስ (ከስስ ጥጥ ጋር ሲሰፋ ስሱን ስፌቱ ዳር ይቀድደዋል)፣ የሐር መልክ ያለው አንሸራታች ገበር፣ በብርሃን ሲታይ ወንፊት የሆነ አሮጌ ጨርቅ። ለአሮጌ ጨርቅ ቀላል መለኪያ አለ፦ በሁለት አውራ ጣት መካከል ይዞ መጎተት። ክሩ ከተሰነጠቀ ወይም ቀዳዳ ከታየ አይሆንም።

የቴትሮኑን ትርፍ ለኅዳር ሲታጠን ከቆሻሻው ጋር እንዳይቃጠል ለብቻው አስቀምጠነዋል። ጭሱ መጥፎ ነው። ተቆራርጦ የመቀመጫ ትራስ መሙያ ይሆናል።

መስከረም 25

እጥበት። ማንኛውም ጨርቅ፣ አዲስም ይሁን አሮጌ፣ ከመቆረጡ በፊት ይታጠባል። አሮጌው ይቀቀላል። ይህ ለንጽሕና ብቻ አይደለም፤ የልብስ ቅማል ተስቦንና ግርሻ ትኩሳትን ያስተላልፋል፣ የሚኖረውም፣ ቅጫሙን የሚጥለውም በልብስ ስፌት እጥፋት ውስጥ ነው። ብዙ ልጆች ተጠጋግተው በሚያድሩበት ቤት ያልተቀቀለ አሮጌ ጨርቅ ይዞ መሄድ በሽታ ይዞ መሄድ ነው። ከ60 ዲግሪ በላይ በሞቀ ውኃ ቅማሉም ቅጫሙም ይሞታል። መቀቀል የማይችል ነገር ካለ አፉ በደንብ በታሰረ ላስቲክ ሁለት ሳምንት ይቀመጣል፤ የልብስ ቅማል የሰው ደም ካጣ ከሳምንት ብዙም አያልፍም፣ ቀሪው ጊዜ ለቅጫሙ ነው።

አቡጀዲዱ ሳይታጠብ ከተሰፋ ጉዱ በኋላ ይታያል። ከፋብሪካ ሲወጣ ስታርች አለበት፣ መጀመሪያ ሲታጠብም በመቶ ከ3 እስከ 8 ይኮማተራል። ለመለካት 50 በ50 ሴንቲ ሜትር በእርሳስ ተሠምሮ በሙቅ ውኃ ታጠበ፤ 47 በ48 ተኩል ሆኖ ወጣ፣ በርዝመቱ በመቶ 6 ማለት ነው። እንዲህ ያለ ጨርቅ ሳይታጠብ ገበር ከሆነ፣ ልብሱ ወንዝ በወረደ ቀን ገበሩ ሲሳብ ፊቱ ኪስ ኪስ ይሠራል፣ መሙያው ኪሱ ውስጥ ይከማቻል።

ለአንድ ልብስ ስፋቱ 90 የሆነ አቡጀዲድ 4.60 ሜትር ይገዛል። መኮማተሩ ቢከፋ እንኳ ከሁለት ተከፍሎ፣ ጎን ለጎን ተጋጥሞ 160 በ210 ይወጣዋል። ለ24ቱ 110 ሜትር ተኩል ያህል።

ቀለም የሚለቀው ቀይ፣ ጥቁርና ጥቁር ሰማያዊ ነው። እርጥቡን ብጣሽ በነጭ ጨርቅ ጠቅልሎ ለአንድ ሰዓት ድንጋይ መጫን፤ ነጩ ላይ ምልክት ካለ ደጋግሞ ማጠብ፣ ከሦስት እጥበት በኋላም ከለቀቀ መተው። ጨው ውኃ ውስጥ መጨመር ቀለም ይይዛል ይባላል፤ ተነክሮ ያለቀ ጨርቅ ላይ ግን አይሠራም። የጥበብ ጥለት ያላቸው አሮጌ ቀሚሶችም በዚሁ ይፈተናሉ፤ ቀዩ ጥለት ገበሩን ሮዝ ያደርገዋል።

መስከረም 28

ቆረጣ። ከወፍራም ካርቶን 27 በ27 ሴንቲ ሜትር ቅያስ ይወጣል። ካርቶን በየጊዜው ጠርዙ ስለሚበላ ከአሥር ልብስ በላይ በአንዱ መቁረጥ አይገባም፤ ሁለት ሚሊ ሜትር የጠበበ ቅያስ በስምንት ረድፍ ላይ አንድ ሴንቲ ሜትር ከግማሽ ይወስዳል። ቆርቆሮ የሚያገኝ ሰው በቆርቆሮ ያድርገው።

27ቱ ሲሰፋ በየጎኑ አንድ ሴንቲ ሜትር ገብቶ 25 ይሆናል። በወርዱ 6፣ በቁመቱ 8፣ ባጠቃላይ 48 ካሬ። ለጌጥ የሚሰፉ ሰዎች ለስፌት ከግማሽ ሴንቲ ሜትር ብዙም አይተርፋቸውም፤ ድንጋይ ላይ ለሚታሽ ልብስ ግን አንድ ሙሉ ሴንቲ ሜትር ያስፈልጋል፤ ጠርዙ እየተተረተረ ሲመጣ ስፌቱ ላይ እንዳይደርስ።

ምልክት የሚደረገው በቀጭን የሳሙና ስባሪ ነው። በእርሳስም ይሆናል፣ እስክሪብቶ ግን አይነካም። ካሬው የጨርቁን ክር ተከትሎ ይቆረጣል። በሰያፍ የተቆረጠ ካሬ በእጅ ሲያዝ ልክ ነው፣ ሲሰፋ ይለጠጣል፣ መጋጠሚያው ይሳሳታል።

ከ27 ያነሰው ብጣሽ አይጣልም። ከ4 እስከ 8 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ዝልዝል በ28 በ28 ጋዜጣ ላይ እየተደራረበ ይሰፋል፦ አንዱ ፊቱ ወደ ላይ ይነጠፋል፣ ሁለተኛው ፊቱ ወደ ታች ሆኖ ጠርዙ ላይ ይጋጠማል፣ ይሰፋል፣ ይገለበጣል፣ ካውያ ይደረግበታል፤ ሦስተኛው ይከተላል። ጋዜጣው ሲሞላ ወደ 27 ይከረከምና ወረቀቱ ተቀዶ ይወጣል። ስፌቱ 2 ሚሊ ሜትር ካልሆነ ወረቀቱ ሲቀደድ ክሩን ይጎትተዋል። እነዚህ ብዙ መጋጠሚያ ያላቸው ካሬዎች ከመካከል ይቀመጣሉ፤ ጠርዝ ላይ ከሆኑ አጨራረሱ ይወፍራል።

አቀማመጥ ላይ አንድ አስተያየት፦ ለቅኔ ቤቱ ጠቆር ያለ ፊት፣ ነጣ ያለ ገበር። ፊቱ ጭስና ጥላሸት ይችላል፣ ነጩ ገበር ደግሞ ቅማል ካለ ያሳያል። ውበቱም አይረሳ። የሚሰጥ ነው ተብሎ የተገኘውን ሁሉ ማንም እንዴትም መደርደር ተቀባዩን መናቅ ነው። አሥር ደቂቃ ወለል ላይ አንጥፎ፣ ራቅ ብሎ አይቶ፣ ሁለት ተመሳሳይ ቀለም አጠገብ ለአጠገብ እንዳይሆን መቀያየር ልብሱን ሌላ ያደርገዋል።

ጥቅምት 3

መገጣጠም። በእግር የሚሠራ ሲንጀር፣ መርፌ ቁጥር 14፣ ስፌት ሁለት ተኩል ሚሊ ሜትር። ክሩ የቴትሮን ነው፣ ጥጥ ክር በእጥበት ቀድሞ ይሳሳል። ለአንድ ልብስ፣ መገጣጠሙና ጠርዙ ከነቦቢኑ 90 ሜትር ያህል፣ ድርብርቡን መስፋቱ ሌላ 160 ሜትር ያህል ክር ይበላል።

ስድስቱ ካሬ ጎን ለጎን ይሰፋና ረድፍ ይሆናል። አሁን የሚመጣው ቦታ አብዛኛው ልብስ የሚበላሽበት ነው፦ አራት ካሬ የሚገናኝበት ጥግ። የአንደኛው ረድፍ መጋጠሚያዎች ሁሉ ወደ ቀኝ በካውያ ይተኛሉ፣ የሁለተኛው ወደ ግራ፣ የሦስተኛው ወደ ቀኝ። ሁለቱ ረድፎች ፊት ለፊት ሲጋጠሙ ወደ ቀኝ የተኛው ጉብታ ወደ ግራ ከተኛው አጠገብ ይቀመጣል፤ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል ሲታሽ ቁልፍ ሲገባ ይሰማል፣ ወዲያ ወዲህ አይልም። እዚያው ላይ አንድ መርፌ ይሰካል። ሁለቱም ወደ አንድ ጎን ከተኙ ጉብታው ጉብታ ላይ ይወጣል፣ የመኪናው እግር ይዘላል፣ ክር ይዘላል፣ አንዳንዴም መርፌው ይሰበራል። ልብሱ ሲታጠብም መጀመሪያ የሚተረተረው ያ ጥግ ነው።

መጋጠሚያውን ለሁለት ከፍቶ መተኮስ ስስ ያደርገዋል፤ ጭንቀቱ ሁሉ ክሩ ላይ ስለሚወድቅ ግን ለሚታሽ ልብስ አይመከርም። ወደ አንድ ጎን ማስተኛት ይሻላል።

የከሰል ካውያ ከሆነ ከመተኮሱ በፊት ከሥራው ራቅ ብሎ በደንብ ይራገፋል፣ ታቹም በእርጥብ ጨርቅ ይጠረጋል። ፍም ወይም አመድ አንዴ ከወደቀ ነጩ ላይ የማይለቅ ቢጫ ይተዋል።

ጥቅምት 9

መሙያ። ሁለት ዓይነት ነው የያዝነው።

አንደኛው ባዘቶ። ጥጡ ተዳምጦ ፍሬው ይወጣል፣ በደጋን ይነደፋል። ለአንድ ልብስ 600 ግራም፣ ማለት በካሬ ሜትር 200 ግራም። ሲነደፍ ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ለፍሬ ስባሪ ነው፤ ትንሿ ቡናማ ቅርፊት ዘይት አላት፣ በሙቅ ውኃ ስትታጠብ ገበሩ ላይ ነጥብ ትጥላለች። አይጥም የሚስበው የፍሬው ሽታ ነው። የተነደፈው ባዘቶ ከወለል ላይ ተከምሮ አያድርም፤ በአንሶላ ተቋጥሮ ይሰቀላል።

ሁለተኛው ያረጀ ጋቢ። ጋቢ አራት ድርብ ነው፤ ጠርዙ ተፈትቶ ሁለት ሁለት ይደረጋል፣ አንዱ ጋቢ ለሁለት ልብስ ይበቃል። ሽመና ስለሆነ አይጓጉልም፣ ሲታጠብ ቦታውን አይለቅም፣ ስፌቱም ራቅ ራቅ ሊል ይችላል። የሳሳው ቦታ በሌላ ጋቢ ቁራጭ ይደገፋል፤ ሲደገፍ ጠርዝ ለጠርዝ እንጂ አይደራረብም፣ የተደራረበው ዳር ላይ ላዩ ሲነካ ይታወቃል። ጋቢው ይቀቀላል፤ ያልተቀቀለ መሙያ ከገባ በኋላ መድረሻ የለውም።

ለማነጻጸር ባዘቶው ድርብ የሆነ፣ 1,200 ግራም የያዘ አንድ ልብስም ተሰፍቷል። ውጤቱ ኅዳር ላይ።

የስፖንጅ ቅንጥብጣቢ፣ አሮጌ ፍራሽ ውስጥ ያለ ጥጥና የተቆራረጠ ሹራብ እንደ መሙያ አይሆኑም። ስፖንጅ ውኃ ይዞ አይለቅም፣ በእሳትም ክፉ ነው። የፍራሽ ጥጥ ትኋን ያለበት ሊሆን ይችላል።

ጥቅምት 14

መደራረብ። ወለሉ ይጠረጋል፣ ሸራ ይነጠፋል። ገበሩ መጥፎው ፊቱ ወደ ላይ ሆኖ ይዘረጋና ዳሩ በፕላስተር ወለሉ ላይ ይያዛል። ይወጠራል እንጂ አይለጠጥም፤ ተለጥጦ ከተያዘ ሲለቀቅ ይሰበሰባል። መጋጠሚያው መሀል ለመሀል በቁመቱ ይሄዳል፤ በጠቅላላው ገበር ላይ ያለው መጋጠሚያ እሱ ብቻ ነው። መጋጠሚያው በሙሉ በካውያ ጠፍጥፎ ላዩ ላይ ሁለተኛ መስመር ይሰፋበታል፣ ለቅማል እጥፋት እንዳይቀር።

ባዘቶው በስሱ እየተዘረጋ ሁለት ጊዜ ይነጠፋል፣ መጀመሪያ በቁመት፣ ቀጥሎ በወርድ። ቀን ብርሃን ላይ ተንበርክኮ ማየት፤ ገበሩ ውልብ የሚልበት ቦታ ካለ መሙላት። እጅ ማሳለፍም ይረዳል፤ ጉብታው ለዓይን ሳይታይ ለመዳፍ ይታወቃል። ከዚያ ፊቱ ይነጠፋል። ገበሩ በየጎኑ 4 ሴንቲ ሜትር ይተርፋል፤ ለጠርዙ ነው።

መሸለል (ድርብርቡን ለጊዜው በክር መያዝ)፦ ከመሀል ተነስቶ ወደ አራቱ ዳር፣ በረጃጅሙ፣ መስመር ከመስመር 15 ሴንቲ ሜትር። ከዳር ጀምሮ ወደ መሀል የሸለለ ሰው ትርፉን ሁሉ መሀል ላይ ያገኘዋል። በመርፌ ቁልፍም ይሠራል፤ ለአንዱ ከ130 በላይ ስለሚፈልግ ግን ክር ይሻላል።

ጥቅምት 18

ባዘቶ የገባባቸው ይሰፋሉ። መስመሩ በየ5 ሴንቲ ሜትሩ። ይህ ቁጥር የሚቀለድበት አይደለም። በእጅ የተነደፈ ጥጥ ክሩ እርስ በርሱ ስላልተያያዘ፣ 10 ሴንቲ ሜትር ክፍት ቦታ ካገኘ በመጀመሪያው እጥበት ተንከባሎ ይጓጉላል፤ በቀረው ቦታ ፊትና ገበር ብቻ ይቀራሉ፣ ብርዱ በዚያ ይገባል። በ5 ሴንቲ ሜትር 29 መስመር ይሆናል፣ ቁመቱን ተከትሎ።

መርፌ ቁጥር 16፣ ስፌት ከ3 እስከ 3.5 ሚሊ ሜትር። የመኪናው እግር ጫና ይላላል፤ ካልላላ ላይኛውን ጨርቅ ወደ ፊት እየገፋ መስመሩ መጨረሻ ላይ ጨጓራ ይሠራል። መጀመሪያ የመሀሉ መስመር፣ ቀጥሎ ከመሀል ወደ ቀኝ ያለው ሁሉ፣ ከዚያ ልብሱ ዞሮ የግራው። አንዱ መስመር ከላይ ወደ ታች ከተሰፋ ቀጣዩ ከታች ወደ ላይ አይሰፋ፤ ፊትና ገበሩ ወደ ተቃራኒ ስለሚሄዱ መካከላቸው ይጠማዘዛል። በመኪናው ጉሮሮ የሚያልፈው ግማሽ በጥብቁ ይጠቀለላል፣ የቀረው ክብደት እንዳይጎትት ወንበር ላይ ይደገፋል። ሁለት ሰው ቢሆን ግሩም ነው፤ አንዱ ይረግጣል፣ አንዱ ይቀበላል።

መኪና የሌለው በእጅ ይሰፋዋል፣ ቀስ ይላል እንጂ ጥንካሬው አያንስም።

ጥቅምት 22

ጋቢ የገባባቸው ይቋጠራሉ። በየካሬው መሀልና አራት ካሬ በሚገናኝበት ጥግ ሁሉ አንዳንድ ቋጠሮ፤ 48 መሀል፣ 35 ጥግ፣ በድምሩ 83። ክሩ ድርብ ወፍራም ጥጥ ነው። የናይሎን ክር ይንሸራተታል፤ ጥጥ ሲረጥብ አብጦ ቋጠሮውን ይነክሳል። መርፌው ከፊት ወርዶ፣ በግማሽ ሴንቲ ሜትር ርቀት ተመልሶ ይወጣል። አንድ ጊዜ እዚያው ይደገማል፣ ከዚያ ቀኙ በግራው ላይ፣ ቀጥሎ ግራው በቀኙ ላይ ይታሰራል። ሁለቱም ጊዜ ቀኙ በግራው ላይ ከታሰረ ሲታጠብ ይፈታል። ጫፉ ከሁለት ሴንቲ ሜትር አያጥርም። ቋጠሮው ሁልጊዜ ፊቱ ላይ ነው፤ ገላ በሚነካው ገበር በኩል አይታሰርም።

ጥቅምት 26

ጠርዝ። የተረፈው 4 ሴንቲ ሜትር ገበር ሁለት ጊዜ ይታጠፋል፤ 2 ሴንቲ ሜትር እስከ ፊቱ ዳር፣ ሌላ 2 ሴንቲ ሜትር በፊቱ ላይ። በመኪና ሁለት መስመር ይሰፋበታል፣ አንዱ ከውስጠኛው ዳር 2 ሚሊ ሜትር፣ ሌላው ከውጭኛው ዳር 2 ሚሊ ሜትር። ጥጎቹ ላይ ጨርቁ መጀመሪያ በሰያፍ ይታጠፋል፣ ትርፉ ይቆረጣል፣ ከዚያ ሁለቱ ጎን ይገናኛሉ። ብርድ ልብስ ሁልጊዜ በጥጉ ተይዞ ስለሚጎተት እዚያ ላይ ሦስት ጊዜ ወዲያና ወዲህ ይመላለስበታል።

የማቆያው ስምንቱ ጥግ ላይ በቀይ ክር ቁጥር ተጠልፎባቸዋል፣ ከ1 እስከ 8። የሰጪ ስም አልተጻፈም፤ ሰው የሌላውን ስም ተከናንቦ ማደር የለበትም።

ኅዳር 2

የእጥበት ፈተና። ሦስት ልብስ ተመርጦ በቀዝቃዛ ውኃና በሳሙና ታጠበ፣ ድንጋይ ላይ ታሸ፣ በሁለት ሰው ተጠመዘዘ፣ በሁለት ገመድ ላይ ተሰጣ። በአንድ ገመድ ከተሰጣ መሀሉ ተጣብቆ አይደርቅም፤ በሁለት ገመድ መካከሉ ነፋስ ያገኛል።

600 ግራም ባዘቶ የያዘው ጠዋት ተሰጥቶ አመሻሽ ላይ ደርቋል። የጋቢው ከሱ ቀደም አለ። 1,200 ግራም የያዘው ማታ ሲነካ ዳሩ ደረቅ፣ መሀሉ ቀዝቃዛ ነበር፤ በማግስቱም መስመሩ መካከል እርጥበት ይዟል፣ በሦስተኛው ቀን የረጠበ ማዳበሪያ ሽታ ጀመረ። ያውም በኅዳር ፀሐይ። ከውኃ ሲወጣ ክብደቱ ለአንድ ተማሪ ተሸክሞ ከወንዝ ለመውጣት የሚያስቸግር ነው። ወፍራሙ ተፈትቶ ለሁለት ተከፍሏል።

ሙቀቱን በተመለከተ ውፍረት ብቻ እንደማይበቃ ማወቅ ይጠቅማል። የሚያሞቀው በመካከል የተያዘው አየር ነው፤ ከሥር የሚነጠፈው ግን በገላ ክብደት ስለሚጨመቅ አየሩን ያጣል፣ መሬቱም ሙቀቱን ይስባል። ስለዚህ መሬት ላይ ለሚተኛ ሰው ሁለተኛ ብርድ ልብስ ከመጨመር ይልቅ ሰሌን ወይም አጎዛ ከሥር ማግኘቱ የበለጠ ያሞቀዋል። ለቅኔ ቤቱ ከልብሱ ጋር 16 ሰሌን ተጨምሯል።

ኅዳር 4

ከትርፉ አቡጀዲድና ስስ ጥጥ ለማቆያው የሕፃን መጠቅለያ ወጣ፣ 90 በ90፣ ሁለት ድርብ ብቻ፣ መሙያ የለውም፣ ቋጠሮም የለውም። ለአራስ ወፍራም ለስላሳ ድርብርብ መስጠት አደጋ አለው፤ ሕፃኑ ሲተኛ ፊቱን ሸፍኖ ሊያፍነው ይችላል። ያለ ጊዜው የተወለደውን ደግሞ ከምንም ብርድ ልብስ በላይ የሚያሞቀው የእናቱ ደረት ነው፤ ገላ ለገላ አቅፋው መጠቅለያው በጀርባው ላይ ይጣላል። ይህን አዋላጆቹ ያውቁታል፤ ሰፊውም ማወቅ አለበት፣ አለዚያ ቆንጆ መስሎት የማይሆን ነገር ይሰፋል።

ኅዳር 10

ርክክብ። ለጤና ጣቢያው ስምንቱ ልብስና መጠቅለያዎቹ በንብረት ክፍል በሞዴል 19 ገቢ ተደረጉ። ይህ ወረቀት ችላ መባል የለበትም፤ ገቢ ያልሆነ ዕቃ የማንም ስለሆነ ሠራተኛ ሲቀየር ይጠፋል። ቁጥሩ ልብሱ ላይ ካለው ጋር አንድ ነው።

ለቅኔ ቤቱ ርክክቡ ለየኔታ ነው። የተማሪው ቁጥር ከ16 ስለሚበልጥ ማን ይቅደም የሚለውን የወሰኑት እሳቸው ናቸው፣ በዕድሜ ትንንሾቹንና ከሩቅ የመጡትን አስቀድመው። ከውጭ የመጣ ሰው ተማሪ ፊት ቆሞ ለአንዱ ሰጥቶ ለሌላው መንፈግ ቤቱን ያውካል። ፎቶ አልተነሳም።

ከልብሱ ጋር አብሮ የተሰጠው፦ ለየአራቱ ልብስ አንድ መርፌ፣ አንድ ጥቅል ነጭ ክር፣ አንድ ሜትር አቡጀዲድ ለመጣፊያ። የአጠባበቁም ቃል ተነግሯል፦ በተቻለ መጠን በወር አንድ ቀን ገበሩን ወደ ውጭ ገልብጦ ፀሐይ ላይ መስጣት፣ ቅማል ከታየ በጋን ውኃ አፍልቶ መዘፍዘፍ፣ እሳት ላይ አለማድረቅ።

ታኅሣሥ 8

ልብሶቹን የማየት ጉብኝት። ባዘቶ የያዙት መስመራቸውን ጠብቀዋል። በጋቢዎቹ ላይ የተፈቱ ቋጠሮዎች አሉ፣ ሁሉም ከትከሻ በሚውለው በላይኛው ዳር ዙሪያ፤ እዚያ ልብሱ ይሳባል፣ ዘንግ ይይዘዋል። ለሚቀጥለው ዙር ከላይኛው ዳር እስከ 40 ሴንቲ ሜትር ድረስ በቋጠሮ ፈንታ በየ10 ሴንቲ ሜትሩ የመኪና መስመር ይገባበታል፣ ከዚያ ወዲህ ቋጠሮው ይቀጥላል። ማቆያው ጥቁር ሰማያዊ ገበር ጠይቋል፣ ለደሙ። ነጩን የመረጥነው ለቅማል ስለሆነና እዚያ ቅማሉ የሚያሳስብ ስላልሆነ ይሰጣቸዋል፤ ጨርቁ ግን ቀለም እስኪጨርስ ድረስ ሦስት ጊዜ ታጥቦ።